የታገደው ጽሑፍ፦ የታሊዶማይድ ሙግትና የሰንዴይ ታይምስ ጋዜጣ

በእንግሊዝ ሕግ «ችሎት መድፈር» የሚባለው ጥፋት ዳኛን በችሎት መሳደብንና የፍርድ ቤት ትእዛዝን አልፈጽምም ማለትን ብቻ የሚመለከት አልነበረም፤ በፍርድ ሂደት ላይ ስላለ ጉዳይ የዳኞችን፣ የምስክሮችን ወይም የተከራካሪዎችን ሐሳብ ሊያዛባ የሚችል ጽሑፍ አትሞ ማውጣትንም ይጨምር ነበር። የደንቡ ዓላማ ሰው በጋዜጣ ገጽ ሳይሆን በችሎት ፊት፣ በወሬ ሳይሆን በማስረጃ እንዲዳኝ ማድረግ በመሆኑ ጠቃሚነቱን የሚጠራጠር ብዙ አልነበረም። ሆኖም ክርክሩ ዓመታት በወሰደ ቁጥር ዝምታውም አብሮ ስለሚረዝም፣ መዘግየት የማይጎዳው ወገን ደንቡን ለራሱ ጥቅም ሊያውለው ይችል ነበር። ታሊዶማይድ በተባለ መድኃኒት ምክንያት አካላቸው ጎድሎ የተወለዱ የብሪታንያ ሕፃናት ወላጆች ከዲስቲለርስ ኩባንያ ጋር ያደረጉት ሙግት ይህን በጉልህ አሳይቷል፤ ሰንዴይ ታይምስ የተባለው የለንደን ሳምንታዊ ጋዜጣ በሙግቱ ውስጥ የነበረው ድርሻም ጋዜጣ የአንድን ትልቅ ኩባንያ ጉልበት ሊገታ የሚችለው በምን መንገድና እስከምን ድረስ እንደሆነ ያስረዳል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሊዶማይድ በምዕራብ ጀርመን በሽቶልበርግ ከተማ የሚገኘው ኬሚ ግሩኔንታል የተባለው መድኃኒት አምራች በ1954 የቀመመው፣ መንፈስን የሚያረጋጋና እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ነው። በኦክቶበር 1957 «ኮንተርጋን» በሚል ስም ያለ ሐኪም ማዘዣ ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ከመጠን በላይ ቢወሰድ እንኳ እንደ ቀደሙት የእንቅልፍ መድኃኒቶች በቀላሉ አይገድልም መባሉ ለሽያጩ ትልቅ ድጋፍ ሆነለት። በብሪታንያ መድኃኒቱን ከግሩኔንታል ባገኘው ፈቃድ የሚያመርተው የዲስቲለርስ ኩባንያ ቅርንጫፍ የሆነ የመድኃኒት ድርጅት ነበር። ዲስቲለርስ ራሱ በዋነኛነት የሚታወቀው እንደ ጆኒ ዎከር ባሉ የውስኪ ዓይነቶችና በጂን ሲሆን፣ ወደ መድኃኒት ሥራ የገባው ዘግይቶ ነው። ቅርንጫፉ በ1958 «ዲስታቫል» በሚል ስም መድኃኒቱን ሲያወጣ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች፣ ለልጆቻቸውም ጭምር፣ ምንም ጉዳት እንደሌለው በማስታወቂያ አስነገረ። በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት በሚመጣ ማቅለሽለሽ ወይም በእንቅልፍ ማጣት የሚቸገሩ ሴቶች መድኃኒቱን የወሰዱት ይህንኑ አምነው ነበር፤ ይሁን እንጂ ያ ወቅት የፅንሱ እጆችና እግሮች የሚቀረጹበት በመሆኑ፣ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት የተወሰደ አንድ ክኒን እንኳ ልጁ ያለ እጅ ወይም ያለ እግር እንዲወለድ፣ አንዳንዴም በዓይን፣ በጆሮና በውስጥ አካላቱ ላይ ጉዳት እንዲደርስ ሊያደርግ ቻለ።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ፅንስን የሚመለከት አልነበረም። በዲሴምበር 1960 መጨረሻ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአንድ ሐኪም ደብዳቤ መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሕሙማን የእጅና የእግር ነርቮች መጎዳታቸውን አመለከተ። በኖቬምበር 1961 ደግሞ የሐምቡርጉ የሕፃናት ሐኪም ቪዱኪንድ ሌንትስ በርካታ እናቶችን ጠይቆ በሕፃናቱ ጉዳትና በኮንተርጋን መካከል ግንኙነት እንዳለ ለአምራቹ አስታወቀ። ኩባንያው መድኃኒቱን ከገበያ ለማንሣት ሲያመነታ፣ ቬልት አም ዞንታግ የተባለው ጋዜጣ የሌንትስን ጥርጣሬ ኖቬምበር 26 ቀን ለሕዝብ አወጣው፤ ግሩኔንታልም በማግስቱ መድኃኒቱን ሰበሰበ። ዲስቲለርስ በዚያው ሰሞን ተከተለ። በጠቅላላው በብሪታንያ ብቻ 450 ያህል ሕፃናት ተጎድተው የተወለዱ ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ የተጎጂዎቹ ቁጥር 10 ሺህ ያህል እንደሚደርስ ይገመታል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር እንደየአገሩ ሕግ ተለያየ። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሠራተኛ የሆነችው ዶክተር ፍራንሲስ ኬልሲ አመልካቹ ኩባንያ በተደጋጋሚ ቢወተውታትም በቂ ማስረጃ አልቀረበም በማለት ለመድኃኒቱ የሽያጭ ፈቃድ ሳትሰጥ ቀርታ ነበር፤ ዋሽንግተን ፖስት ታሪኩን በጁላይ 1962 ሲያወጣው የተነሣው የሕዝብ ስሜትም ለዓመታት ተጓትቶ የነበረው የመድኃኒት ቁጥጥር ሕግ በዚያው ዓመት በኦክቶበር እንዲጸድቅ ረዳ። በብሪታንያ ግን የጤና ሚኒስትሩ ኢኖክ ፓወል ስለ ጉዳዩ ይፋዊ ምርመራ እንዲካሄድ የቀረበለትን ጥያቄ ስላልተቀበለ፣ መድኃኒቱ ምን ያህል ተመርምሮ ለገበያ እንደቀረበ ለማወቅ ለወላጆቹ የቀራቸው መንገድ በየግላቸው ክስ መመሥረት ብቻ ሆነ።

ይህ መንገድ ለከሳሾቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስቸጋሪ ነበር። በጊዜው ሕግ ካሳ ለማግኘት መድኃኒቱ ጉዳት ማድረሱን ማስረዳት አይበቃም፤ አምራቹ ቸልተኛ መሆኑን፣ ማለትም ማድረግ የሚገባውን ጥንቃቄ አለማድረጉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ገና በማኅፀን ሳለ የተጎዳ ልጅ ከተወለደ በኋላ ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳለውም በእንግሊዝ ፍርድ ቤት የተወሰነ ነገር አልነበረም፤ ይህ ጥያቄ በሕግ የተዘጋው በ1976 በወጣ አዋጅ ነው። በዚህ ላይ ክስ ሳያቀርቡ ሦስት ዓመት ያሳለፉ ወላጆች የይርጋ ጊዜ አልፎባቸዋል የሚል መከራከሪያ ይጠብቃቸው ነበር። በ1962 እና በ1966 መካከል የ70 ልጆች ወላጆች ክስ መሠረቱ። በ1968 መጀመሪያ በአብዛኞቹ ጉዳዮች ስምምነት ሲደረስ፣ ከሳሾቹ ኩባንያው ቸልተኛ ነበር የሚለውን ውንጀላ እንዲያነሡ፣ በምላሹም ክሱን ሙሉ በሙሉ ቢያሸንፉ ኖሮ ሊያገኙ ይችሉ ከነበረው ካሳ 40 በመቶውን እንዲቀበሉ ተወሰነ። ኩባንያው በዚህ መሠረት ለ58 ጉዳዮች አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ከፈለ። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ዘግይተው የመጡ ከሳሾችን በመፍቀዱ ከ200 በላይ አዳዲስ ክሶች ቀረቡ።

ለእነዚህ አዳዲስ ከሳሾች ዲስቲለርስ በ1971 ያቀረበው ሐሳብ የአደራ ገንዘብ እንዲቋቋም ነበር፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ልጅ ካሳ ከመክፈል ይልቅ ገንዘቡ በአደራ ጠባቂዎች እጅ ተቀምጦ እንደ ልጆቹ ችግር መጠን የሚታደልበት ሥርዓት ነው። ነገር ግን ኩባንያው ሁሉም ወላጆች ካልተስማሙ ሐሳቡ እንደማይጸና በቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። አምስት ቤተሰቦች እንቢ ሲሉ የቀሩት ወላጆች ቁጣ ወደ ኩባንያው ሳይሆን ወደ እነርሱ እንዲዞር ሆነ፤ እንዲያውም እምቢተኞቹ ወላጆች ልጆቻቸውን ወክለው የመከራከር ሥልጣናቸው ተነሥቶ ለአንድ የመንግሥት ሹም እንዲሰጥ ለፍርድ ቤት ማመልከቻ ቀረበ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 1972 ማመልከቻውን ውድቅ አደረገው። ጉልበተኛ ወገን ሕግ ሳይጥስ ደካማውን የሚያስጨንቅበት ዘዴ በዚህ ጉዳይ ላይ ጎልቶ ታይቷል፤ የሚፈለገው ተከራካሪው እንዲሸነፍ ሳይሆን፣ ልጁ ሳይታከምና ሳይማር ዓመታት ሲያልፉ የቀረበለትን ሁሉ ከመቀበል በቀር ምርጫ እንዳይኖረው ማድረግ ነው።

ጋዜጦቹ በዚህ ሁሉ ጊዜ በአብዛኛው ዝም ብለው ነበር። ክሶቹ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ እስካሉ ድረስ የመድኃኒቱን አመጣጥ መመርመር ችሎት እንደመድፈር ሊቆጠር ይችላል የሚለው የጠበቆች ምክር ዋና አዘጋጆቹን አስሯቸው ነበር። በዲሴምበር 1971 ዴይሊ ሜይል የተባለው ጋዜጣ ስለ ጉዳዩ ባወጣው ጽሑፍ ድርድሩ ይበላሻል ብለው የሰጉ ወላጆች ቅሬታ ሲያሰሙ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በችሎት መድፈር ሕግ እንደሚጠየቅ በይፋ ደብዳቤ አስጠነቀቀው። ሰንዴይ ታይምስ ከ1967 ጀምሮ ስለ ልጆቹ ኑሮ አልፎ አልፎ ቢጽፍም መድኃኒቱ እንዴት ለገበያ እንደበቃ የሚያስረዳውን ዋና ነገር ግን ማውጣት አልቻለም ነበር። ዋና አዘጋጁ ሃሮልድ ኤቫንስና «ኢንሳይት» የሚባለው የምርመራ ቡድን ጋዜጠኞች የዲስቲለርስን የውስጥ ሰነዶች አግኝተዋል፤ ሰነዶቹ የተገኙት ኩባንያው በክሱ ሂደት ለከሳሾች ወገን እንዲያስረክብ ከተገደደ በኋላ ለከሳሾቹ በሙያ አማካሪነት ይሠራ ከነበረ ሰው ላይ በ8 ሺህ ፓውንድ ተገዝተው ነው። ለፍርድ ክርክር ብቻ የተሰጠን ሰነድ በገንዘብ መግዛት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ለጋዜጣው ቀላል አልነበረም፤ ፍርድ ቤትም ኋላ በኩባንያው አመልካችነት በሰነዶቹ እንዳይጠቀም ከልክሎታል።

ዋና አዘጋጁን ከዚህ ማነቆ ያወጣው የጋዜጣው የሕግ አማካሪ ጄምስ ኤቫንስ ያቀረበው ሐሳብ ነው። ሕጉ የሚከለክለው ፍርድ ቤቱ ሊወስነው በሚገባው ጥያቄ፣ ማለትም በኩባንያው ቸልተኝነት ላይ አስቀድሞ መፍረድን ከሆነ፣ ያንን ጥያቄ ጨርሶ ሳያነሡ ኩባንያው በሕግ ተጠያቂ ቢሆንም ባይሆንም የኅሊና ግዴታ አለበት ብሎ መከራከር ይቻላል የሚል ነበር። ሴፕቴምበር 24 ቀን 1972 የወጣው የመጀመሪያው ጽሑፍ በዚህ ስልት የተዘጋጀ ሲሆን፣ የታሊዶማይድ ሕፃናት ሁኔታ ለአገሪቱ የኀፍረት ምክንያት መሆኑን በርእሱ አስታወቀ። ጽሑፉ የቀረበውን 3.25 ሚሊዮን ፓውንድ በአሥር ዓመት የሚከፈል የአደራ ገንዘብ ኩባንያው በቀደመው ዓመት ከግብር በፊት ካገኘው 64.8 ሚሊዮን ፓውንድ ትርፍና ከ421 ሚሊዮን ፓውንድ ሀብቱ ጋር አነጻጸረ፤ ከጉዳቱ ጋር ሲመዛዘን ክፍያው ፈጽሞ የማይመጥን መሆኑንም ገለጸ። በግርጌው ደግሞ መድኃኒቱ ጉዳቱን እንዴት ሊያደርስ እንደበቃ የሚተርክ ሌላ ጽሑፍ ወደፊት እንደሚወጣ አስታወቀ።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ በሁለት ተከፍሎ ይሄዳል፤ አንደኛው የታተመው ጽሑፍ ታሪክ፣ ሁለተኛው ሳይታተም የታገደው ጽሑፍ ታሪክ ነው።

የታተመው ጽሑፍ የኅሊና ጥያቄ በማንሣቱ በሕግ ሊታገድ አልቻለም። ዲስቲለርስ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ አቤት ቢልም ባለሥልጣኑ በዚህ ጽሑፍ ላይ ክስ ላለማቅረብ ወሰነ። ከጋዜጣው ትልልቅ የማስታወቂያ ደንበኞች አንዱ የነበረው ኩባንያ ማስታወቂያውን ቢያነሣም ዘመቻው ቀጠለ። በፓርላማ ደግሞ በፍርድ ሂደት ላይ ስላለ ጉዳይ መነጋገርን የሚከለክለው ልማድ ለጥቂት ጊዜ ቢያዘገየውም፣ ጃክ አሽሊ የተባለው የሌበር ፓርቲ አባል፣ ራሱም መስማት የተሳነው ሰው፣ ጉዳዩን አጥብቆ በመያዙ ኖቬምበር 29 ቀን 1972 በታችኛው ምክር ቤት ሰፊ ክርክር ተካሄደ፤ ኩባንያው የኅሊና ግዴታውን እንዲወጣም ጥሪ ቀረበለት። ነገሩ ከኩባንያው ጠበቆች እጅ ወጥቶ ወደ ባለቤቶቹና ወደ ደንበኞቹ የተሸጋገረው ከዚህ በኋላ ነው። የዲስቲለርስ አክሲዮን የነበራቸው ግለሰቦችና እንደ ሊጋል ኤንድ ጄኔራል ያሉ የመድን ድርጅቶች ክፍያው እንዲሻሻል መጠየቅ ጀመሩ፤ አንዳንድ ነጋዴዎችም የኩባንያውን መጠጦች ላለመሸጥ ወሰኑ። ዲስቲለርስ በዲሴምበር የክፍያውን መጠን ወደ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍ አደረገ፤ ብዙም ሳይቆይ በጃንዋሪ 1973 በአሥር ዓመት የሚከፈል 20 ሚሊዮን ፓውንድ አቀረበ። ለአሥር ዓመት ያልተንቀሳቀሰው ድርድር በአራት ወራት ውስጥ ከስድስት እጥፍ በላይ ማደጉ፣ ከዚያ በፊት የጎደለው የኩባንያው የመክፈል አቅም ሳይሆን እንዲከፍል የሚያስገድደው ሁኔታ እንደነበር ያመለክታል። ፍርድ ቤት አብዛኞቹን ስምምነቶች በጁላይ 1973 መጨረሻ ያጸደቀ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የተቋቋመው የታሊዶማይድ አደራ እስከ ዛሬ ተጎጂዎቹን ይደግፋል። የዲስቲለርስ ኩባንያ በ1986 ወደ ጊነስ፣ በ1997 ደግሞ በውህደት ወደ ተመሠረተው ዲያጂዮ ሲተላለፍ የክፍያው ግዴታም አብሮ ተላልፏል፤ ዲያጂዮ በ2012 የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካን ከኢትዮጵያ መንግሥት የገዛው ኩባንያ ነው።

የታገደው ጽሑፍ መንገድ ግን ረጅም ነበር። ሃሮልድ ኤቫንስ ረቂቁን ከመታተሙ በፊት ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለሰር ፒተር ሮሊንሰን ልኮ ስለነበር፣ ባለሥልጣኑ የእግድ ትእዛዝ ጠየቀ፤ ፍርድ ቤቱም ኖቬምበር 17 ቀን 1972 ጽሑፉን አገደ። በፌብሩዋሪ 1973 በሎርድ ዴኒንግ የሚመራው የይግባኝ ችሎት ክሶቹ ለዓመታት ተኝተው የቆዩና ለሕዝብ የሚጠቅም ጉዳይ በመሆናቸው እግዱን አነሣ። የመጨረሻው የይግባኝ ሥልጣን የነበረው የላይኛው ምክር ቤት የሕግ አባላት ችሎት ግን በጁላይ ወር በሙሉ ድምፅ እግዱን መልሶ አጸና። የዳኞቹ ዋና ፍራቻ «በጋዜጣ መዳኘት» ነበር፤ አንድ ጋዜጣ ገና ያልተወሰነን የቸልተኝነት ጥያቄ አንሥቶ ከፈረደ ሌሎችም እንደዚያ ያደርጋሉ፣ ሰዎችም ለፍርድ ቤት ውሳኔ ያላቸው አክብሮት ይቀንሳል ብለው አመኑ። ይህ ሥጋት መሠረተ ቢስ ነው ሊባል አይችልም፤ ሆኖም ዳኞቹ የጠበቁት ክርክር ራሱ በቅርቡ ይካሄዳል ብሎ የሚያምን ሰው ማግኘት ያስቸግር ነበር።

ጋዜጣው ጉዳዩን ወደ ስትራስቡርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ተቋም ወሰደው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት ዐሥረኛ አንቀጽ ሐሳብን የመግለጽ መብትን ያረጋገጠ ሲሆን፣ መንግሥት ሊገድበው የሚችለው ለዴሞክራሲያዊ ኅብረተሰብ አስፈላጊ በሆነ ምክንያት ብቻ ነው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ኤፕሪል 26 ቀን 1979 በ11 ለ9 ድምፅ እግዱ ይህን አንቀጽ መጣሱን ወሰነ። ፍርድ ቤቱ የሕዝብን ጉዳይ ማሳወቅ የጋዜጦች ሥራ እንደሆነና ሕዝቡም የማወቅ መብት እንዳለው ገልጾ፣ በተለይ የተጎጂዎቹ ቤተሰቦች ስለ ጉዳዩ እውነታ ማወቃቸው ብርቱ ጥቅማቸው መሆኑን አስረዳ። ዳኞቹ በጣም በተቀራረበ ድምፅ መለያየታቸው ጥያቄው ለእነርሱም ከባድ እንደነበር ያሳያል። የብሪታንያ ፓርላማ በ1981 ባወጣው የችሎት መድፈር አዋጅ ሕጉን አሻሻለ፤ ከዚያ በኋላ ጽሑፍ በቅን ልቦና ስለ ሕዝባዊ ጉዳይ የሚካሄድ ውይይት አካል ከሆነና በክርክሩ ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ የአጋጣሚ ብቻ ከሆነ ጥፋት እንደማይሆን ተደነገገ።

የታገደው ጽሑፍ ራሱ ግን የስትራስቡርጉን ውሳኔ አልጠበቀም፤ በ1976 እግዱ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሲነሣ በዚያው ዓመት በጁን ወር በመጨረሻ ታተመ። የዲስቲለርስ ቅርንጫፍ በጀርመኑ አምራች ምርመራ ብቻ መተማመኑን፣ መድኃኒቱን ከመሸጡ በፊት በእንስሳት ላይ የፅንስ ሙከራ አለማድረጉን፣ ከታሊዶማይድ ጋር የሚዛመድ መድኃኒት ፅንስን ሊጎዳ እንደሚችል የሚያመለክተውን የሕክምና ጽሑፍ ፈልጎ አለማግኘቱን፣ መድኃኒቱ ነርቭን እንደሚጎዳ ከታወቀ በኋላም ለነፍሰ ጡሮች አስተማማኝ ነው ማለቱን እስከ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ድረስ መቀጠሉን ዘረዘረ፤ ኩባንያው ለመከላከያ ሊያቀርበው የሚችለውንም ጨመረ።

ይህን ታሪክ የጋዜጠኝነት ድል ብቻ አድርጎ ማቅረብ ብዙ ነገር ያስቀራል። ጋዜጣው የተነሣው ልጆቹ አሥር ዓመት ካለፋቸው በኋላ ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት ጸንተው የቆዩት በሌሎች ወላጆች ግፊት ሥር የነበሩት አምስት ቤተሰቦች ናቸው። ሰንዴይ ታይምስ የማስታወቂያ ገቢ ማጣትንና ለዓመታት የሚዘልቅ የጠበቃ ወጪን ሊቋቋም የቻለው በአሳታሚው በሮይ ቶምሰን ድርጅት ሀብት ሲሆን፣ ባለንብረቱ በዋና አዘጋጁ ሥራ አለመግባቱም ረድቶታል፤ አንድ ትንሽ የክፍለ ሀገር ጋዜጣ ይህን ሁሉ ሊያደርግ ባልቻለ ነበር። ክፍያውን ያሳደገውም ጽሑፉ ብቻውን ሳይሆን፣ ጽሑፉን ተከትለው የተንቀሳቀሱት የፓርላማ አባላት፣ ባለአክሲዮኖችና ነጋዴዎች ጭምር ናቸው። ጋዜጣው የሠራው ነገር በኩባንያው ጠበቆችና በወላጆቹ መካከል ብቻ የነበረውን ጉዳይ ለእነዚህ ወገኖች ማሳየት፣ ማየታቸውም ኩባንያውን ከችሎት ይልቅ በገበያ እንዲጎዳው ማድረግ ነበር።

ሁለቱ ጽሑፎች የተለያየ ውጤት ማምጣታቸውም ሊዘነጋ አይገባም። ቸልተኝነትን ሳያነሣ የኅሊና ጥያቄ ብቻ ያቀረበው ጽሑፍ ለሕፃናቱ ገንዘብ አስገኘ፤ ቸልተኝነቱን በማስረጃ የዘረዘረው ግን በወቅቱ መታተም ባይችልም የእንግሊዝን ሕግ አስለወጠ። እግዱ የተሰጠው የቸልተኝነቱ ጥያቄ በፍርድ ቤት በንጽሕና እንዲታይ ቢሆንም፣ ያ ክርክር በብሪታንያ ፍርድ ቤት ከቶ አልተካሄደም፤ በጀርመንም በግሩኔንታል ሠራተኞች ላይ የተከፈተው የወንጀል ክስ በ1970 መጨረሻ ያለ ፍርድ ተቋረጠ። ስለዚህ በብሪታንያ የመድኃኒቱ አመጣጥ ለሕዝብ በማስረጃ የተዘረዘረው ዳኞች በተሰየሙበት አዳራሽ ሳይሆን፣ ችሎትን ይደፍራል ተብሎ ለአራት ዓመት ያህል በታገደው የጋዜጣ ጽሑፍ ውስጥ ነው፤ ዝምታው ይጠብቀዋል የተባለው ፍርድ ግን እስከ መጨረሻው አልተሰጠም።